ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት፤ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን

ውድ እጩ መምህራን፣ ነገ በጅጋም ሆነ በቡሬ ገጠር ስናስተምር ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ልጅ ከክፍላችን አይጠፋም። “አሜሪካ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?” ብሎ ቢጠይቀን አንድ ቁጥር ነግረነው ብናልፍ አስተማርነው አይባልም። መልሱ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይጠይቃል።

1. ርቀቱ። በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካት ያሳስታል፤ ምድር ክብ ናታ! ሉል ላይ ክር እንወጥር። ሉል ከሌለ ክብ ቅል ላይ አገሮቹን በከሰል ምልክት ማድረግ ይበቃል። ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያና በስፔይን ላይ አልፎ አትላንቲክ ውቅያኖስን ይሻገራል። ዋሽንግተን በ39ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ብትገኝም ክሩ ውቅያኖሱ ላይ ወደ 45ኛው ዲግሪ ይጠጋል። ርዝመቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

2. የጉዞው ጊዜ። ኪሎ ሜትርና ሰዓት እኩል እንደማይሄዱ የጎጃም ሰው ከዓባይ በረሃ ያውቀዋል። ከደጀን ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ቁልቁለቱና ዳገቱ ከሜዳው 40 ኪሎ ሜትር ይልቅ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። አውሮፕላንም የራሱ ዳገት አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ይገባል። ሲሄድ ግን ነዳጅ ለመጨመር መንገድ ላይ ሲያርፍ ቆይቷል፤ በፊት ሮም፣ ኋላም ደብሊን። ስለዚህ የመሄጃው ጉዞ 16 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ምክንያቱ ሁለት ነው፦

ሀ) በከፍተኛው አየር ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ሲመለስ ይገፋዋል፣ ሲሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል።

ለ) ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ የዋሽንግተኑ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ የክንፉ ድጋፍና የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛ፣ ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይቸግረዋል ማለት ነው።

3. የሰዓት አቆጣጠር። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ አውሮፕላን ከዋሽንግተን በቲኬቱ ላይ 11:00 ተነሥቶ በማግሥቱ 8:00 ቦሌ ደረሰ እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተነሥቶ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገባ ማለት ነው። በሰዓቶቹ መካከል 21 ሰዓት አለ። ነገር ግን በእነሱ ክረምት አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ8 ሰዓት ትቀድማለች፤ 21 ሲቀነስ 8፣ 13 ይሆናል። በበጋቸው ልዩነቱ 7 ነው። ይህን ሒሳብ ያልያዘ ቤተሰብ እንግዳ ለመቀበል ከፍኖተ ሰላም ቦሌ ድረስ ሄዶ ያለ ቀኑና ያለ ሰዓቱ ሲጉላላ ይውላል።

ለክፍል የሚሆን መልመጃ፦ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተነሥቶ በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ዋሽንግተን ቢደርስ፣ ልዩነቱም 8 ሰዓት ቢሆን፣ ማረፊያውን ጨምሮ ጉዞው ስንት ሰዓት ፈጀ? (ወደ ምዕራብ ሲኬድ ልዩነቱ ይደመራል እንጂ አይቀነስም። መልስ፦ 17 ሰዓት።)

መልሱን ቸኩለን አንስጥ። ክሩን የሚወጥረውም፣ ሒሳቡን በሰሌዳ የሚሠራውም ተማሪው ራሱ ይሁን።