ሪል ቴፕዎን ከማስጠገንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አሮጌ ሪል ቴፕ እጅዎ ከገባ ሰክቶ መሞከር ያጓጓል። ይታገሱ። ማሽኑ ቢበላሽ ሌላ ይገኛል፤ ክሩ ላይ ያለው ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቅጂ የለውም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እነዚህን በተራ ይመልከቱ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1967 ገበያ ላይ የዋለውን የስዊዘርላንዱን ሬቮክስ ኤ77 እንጠቅሳለን።

1. ምን ሊሠሩበት ነው?
የቆዩ ክሮችን ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ማጫወቻው ቢስተካከል ይበቃል። አዲስ ድምፅ ሊቀርጹ ካሰቡ ግን ባያሱም (ሲቀረጽ ከድምፁ ጋር አብሮ ወደ ክሩ የሚላከው ረዳት ምልክት) ለሚጠቀሙበት የክር ዓይነት መስተካከል አለበት። የሁለቱ ሥራ ዋጋ አንድ አይደለም።

2. ክሩ ጤነኛ ነው?
ካርቶኑን ከፍተው ያሽትቱ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ ክሩ አሲቴት ነው፣ መበላሸትም ጀምሯል፤ ሙቀት አያስጠጉት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተሠሩ እንደ አምፔክስ 456 ያሉ ክሮች ሌላ ጣጣ አላቸው፦ ማጣበቂያቸው እርጥበት እየሳበ ይላላል። ሲዞሩ ይጮኻሉ፣ ሄዱ (ድምፁን ከክሩ የሚያነበው ክፍል) ላይም ቡናማ ዝቃጭ ይተዋሉ። ይህን ካዩ ወዲያው ያቁሙ። ባለሙያ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ አለፍ ባለ ሙቀት ለሰዓታት ሲያደርቃቸው ለጊዜው ይጫወታሉ፤ ያኔ ቶሎ መገልበጥ ነው። በቤት ምድጃ ግን አይሞከርም።

3. ፍጥነቱና ትራኩ ይገጥማል?
ብዙዎቹ ኤ77 የሚሠሩት በሴኮንድ በ9.5 እና በ19 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ባለ 2 ትራክም ባለ 4 ትራክም አለ። በሁለቱም ገጽ የተቀረጸ ባለ 4 ትራክ ክር በባለ 2 ትራክ ማሽን ቢጫወት የሌላው ገጽ ድምፅ ተገልብጦ ይሰማል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የሚስማማውን ማሽን መፈለግ ነው።

4. መብራቱስ?
አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ ኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ኤ77 የቮልት መምረጫ አለው፣ ክር የሚጎትተው ሞተሩም ፍጥነቱን በኤሌክትሮኒክስ ይቆጣጠራል። ፍጥነቱን ከመብራቱ ኸርዝ የሚወስድ የአሜሪካ ማሽን ግን እዚህ ከ6 አንድ እጅ ይዘገያል፤ ትራንስፎርመር ይህን አያድነውም። ማሽኑ ለዓመታት ከተቀመጠ ደግሞ የወረቀት ካፓሲተሮቹ ተሰነጣጥቀው ሊጨሱ ስለሚችሉ፣ ከመሰካቱ በፊት ይቀየሩ።

5. ሄዱ ተበልቷል?
ማሽኑን ነቅለው፣ ጥጥ በአይሶፕሮፒል አልኮል አርጥበው ሄዶቹንና ክሩን የሚነዳውን ቀጭን ዘንግ ይጥረጉ። ጥጡ ንጹሕ እስኪወጣ ይለዋውጡ፤ ክሩን ዘንጉ ላይ ለሚጫነው ጎማ ለስላሳ የሳሙና ውሃ ይበቃዋል። ከዚያ ጥፍርዎን በሄዱ ፊት ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርገው ያስኪዱ። ክሩ የሚያልፍበት ጠርዝ እንደ ደረጃ ጥፍርዎን ከያዘው ሄዱ ተበልቷል ማለት ነው። የተበላ ሄድ በካቻቪቴ አይድንም፤ ይሞረዳል ወይም ይቀየራል።

6. ጥፋቱ የማን ነው?
ድምፁ ከታፈነ የሄዱ አቀማመጥ ዘንበል ብሎ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ክሩ ሲቀረጽ የነበረው ማሽንም የተዛባ ሊሆን ይችላል። የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ማሽን የቀረጹዋቸውን ክሮች ያጫውቱ። ሁሉም ከታፈኑ ማሽንዎን ይጠርጥሩ፤ አንዱ ብቻ ከሆነ ክሩን። የሄዱን ብሎን በግምት አይንኩ።

7. ባለሙያውን ይጠይቁ
የታወቀ ድምፅ የተቀረጸበት የመለኪያ ክር አለዎት? ባያሱን ለየትኛው ክር ያስተካክላሉ? የትኛውን ያስቀድማሉ? ትክክለኛው መልስ ማጫወቻውን ነው፤ መቅረጫው የሚለካው በእሱ ነውና። ፍሬኑንም በማይፈለግ ክር ያስሞክሩ፦ በፍጥነት እየሄደ ሲቆም ክሩ ከተዝረከረከ ሥራው አላለቀም።

ሄዱ ደኅና ሆኖ ብዙ ክር ካለዎት ያስጠግኑ። ሄዱ አልቆ ያለዎት ጥቂት ክር ብቻ ከሆነ ግን የጥገናውን ገንዘብ ክሮቹን ለሚገለብጥልዎ ባለሙያ ይክፈሉት።