«የት አሉ?»፦ አማካሪ ሲባረር ዜናውን እንዴት እንጻፍ?

ባለፈው ሴሚስተር የዜና አጻጻፍ መምህራችን አንድ የቆየ የውጭ ዜና ሰጥተውን በአማርኛ እንድንሠራው አዘዙን። ዜናው የእንግሊዙ ፕሮፌሰር ዴቪድ ነት በጥቅምት ወር 2009 እ.ኤ.አ. ከመንግሥት አማካሪነት ስለመሰናበታቸው ነው። እኔም ሳላመነታ «አደንዛዥ ዕፅ አይጎዳም ያሉት ፕሮፌሰር ተባረሩ» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። መምህሩ «አይጎዳም» የምትለዋን ቃል በቀይ እስክሪብቶ አክብበው «የት አሉ?» ብለው መለሱልኝ። ብፈልግ ባስፈልግ አጣሁት። ሰውየው እንዲህ አላሉማ!

ታዲያ ምን ነበር ያሉት? ነት ስለ አደንዛዥ ዕፆች ለመንግሥት ሳይንሳዊ ምክር የሚሰጠው ምክር ቤት ሰብሳቢ ነበሩ፤ ለዚህም ደመወዝ አይከፈላቸውም። በ2009 መጀመሪያ ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ በፈረስ ግልቢያ ከ350 ጊዜ አንዴ፣ ኤክስታሲ በተባለው ዕፅ ደግሞ ከ10,000 ጊዜ አንዴ ያህል ከባድ ጉዳት እንደሚደርስ አነጻጸሩ። የወቅቱ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ጃኪ ስሚዝ ተቆጥተው ይቅርታ እንዲጠይቁ ነገሯቸው። በዚያው ዓመት በኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ባደረጉት ንግግር ደግሞ አልኮልና ትምባሆ ከካናቢስና ከኤክስታሲ የበለጠ ጉዳት እንዳላቸው ገለጹ። ካናቢስ ከምክር ቤቱ ምክር ውጪ ጠበቅ ወዳለ ምድብ መዛወሩንም ተቹ። ንግግሩ ታትሞ በወጣ ሰሞን አዲሱ ሚኒስትር አለን ጆንሰን አሰናበቷቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥም አምስት የምክር ቤቱ አባላት በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ።

ልብ በሉ፤ «ያነሰ ይጎዳል» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም።

የሚኒስትሩም መከራከሪያ መነገር አለበት። አንድ ሰው የመንግሥት አማካሪም፣ የመንግሥትን ፖሊሲ የሚቃወም ዘማችም መሆን አይችልም ነው ያሉት። ምክርን አለመቀበል የመንግሥት ሥልጣን መሆኑም አያከራክርም። ለምሳሌ ይኸው ምክር ቤት ጫት እንዳይታገድ በ2013 ቢመክርም መንግሥት በ2014 አግዶታል፤ ከኢትዮጵያና ከኬንያ በአውሮፕላን ይገባ የነበረው ጫትም ሕገ ወጥ ሆኗል። ነገር ግን በእኔ አስተያየት ምክርን አለመቀበልና መካሪውን ማባረር ለየቅል ናቸው። ማባረሩ ቀጣዩን መካሪ አፉን ያስይዘዋል።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች እንዲህ ያለ ዜና ሲገጥመን ሦስት ጥያቄዎችን ብንጠይቅ መልካም ነው። አንደኛ፣ ሰውየው በትክክል ምን አሉ? ሁለተኛ፣ የተናገሩት በየትኛው ኃላፊነታቸው ነው? ሦስተኛ፣ ያሰናበታቸው አካል ምክንያቱ ምንድን ነው? እነዚህን ሳንለይ ከጻፍን ሰውየው መጀመሪያ በሚኒስትሩ፣ ቀጥሎ በእኛ ይባረራሉ። ሥራቸውን ያጡ ሰው ያላሉትን ብለዋል ተብለው ስማቸውንም ማጣት የለባቸውም።

ርዕሴን እንደገና ጻፍኩት፦ «የዕፅ ፖሊሲን የተቹ የእንግሊዝ መንግሥት አማካሪ ከኃላፊነት ተነሱ»። እንደ መጀመሪያው ዓይን አይስብም። መምህሩ ግን ቀይ እስክሪብቶ አላሳረፉበትም።