«ታይምአውት» የማን ሰዓት ነው? ሰርቨር በኔትወርክ አልነሣ ሲል

ዛሬ የምናየው አንድ ሰርቨር ያለ ፍላሽና ያለ ሲዲ፣ በኔትወርክ ገመድ ብቻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚጫንበትን መንገድ ነው። መሐል ላይ «ታይምአውት» ብሎ ሲቆምም ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ እንዴት እንደሚፈለግ እናያለን። ትምህርቱን የማቀርበው እኔው ራሴ በተሳሳትኩበት ሥራ ነው። ዳታ ሴንተር ገብታችሁ የማታውቁም ብትሆኑ ይገባችኋል።

የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ ዳታ ሴንተር የበዛበት፣ የአገራችንም ሰው የማይታጣበት አካባቢ። የሙከራ ጊዜዬን ሳልጨርስ 16 አዳዲስ ሰርቨሮችን በአንድ ሌሊት እንድጭን ታዘዝኩ። ሥራው አውቶማቲክ ነው። ፕሮግራሙ ሰርቨሩን ከርቀት ያበራዋል፣ «በኔትወርክ ተነሣ» ብሎ ያዘዋል፣ ከዚያ «ጨርሻለሁ» የሚል መልእክት እስኪመጣለት 30 ደቂቃ ይጠብቃል። ካልመጣ «ታይምአውት» ብሎ ቀይ ያሳያል። በዚያ ሌሊት ዘጠኙ ገቡ፣ ሰባቱ ቀይ ሆኑ። ሰባቱን እንደገና ሳስነሣቸው ደግሞ ሦስቱ ያለ ምንም ችግር ገቡ።

አንዴ የሚሠራ አንዴ የማይሠራ ነገር ሲያጋጥመን ብዙዎቻችን ቶሎ ገመድ እንጠረጥራለን። እኔም ለአለቃዬ «ገመዱ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ጻፍኩ። ገመዱን የዘረጋው ደግሞ አንድ ወጣት የአገሬ ልጅ ነበር፤ ሥራ ከጀመረ ገና ወር አልሞላውም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ጋሼ፣ ሦስተኛ ገመድ ቀየርኩ፤ ያው ነው» አለኝ። «አራተኛ ሞክር» አልኩት። እሱ ገመድ ሲቀይር እኔ ደግሞ የፕሮግራሙን የመጠበቂያ ጊዜ ከ30 ወደ 60 ደቂቃ ከፍ አደረግሁ። የተለወጠ ነገር የለም፤ ቀዩን ለማየት የምንጠብቀው ጊዜ ብቻ እጥፍ ሆነ።

ስህተቴ ይህ ነበር፦ የፕሮግራሙ «ታይምአውት» የሚነግረን መልእክት እንዳልመጣ ብቻ ነው። ለምን እንዳልመጣ አያውቅም። ከሥሩ ሌሎች ሰዓቶች አሉ፤ ቀድሞ ያለቀው የትኛው እንደሆነ መፈለግ የእኛ ሥራ ነው።

አምስቱ ደረጃዎች

1. ሊንክ፦ የሰርቨሩ የኔትወርክ ካርድና ስዊቹ በገመዱ ይገናኛሉ፤ መብራቱ ይበራል።

2. አድራሻ፦ ሰርቨሩ በዲኤችሲፒ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል። እንግዳ ሰው አጥር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» እንደሚለው ማለት ነው። ጥሪው የሚሄደው ወደ ዩዲፒ ፖርት 67 ነው። መልሱ አድራሻውን፣ ፋይሉ ያለበትን ማሽንና የፋይሉን ስም ይይዛል።

3. ፋይል፦ ሰርቨሩ ትንሿን ማስነሻ ፋይል በቲኤፍቲፒ ያወርዳል፤ ጥያቄው ወደ ፖርት 69 ይሄዳል።

4. ኢንስቶለር፦ የሊኑክስ ከርነል ይነሣል፣ ካርዱን እንደ አዲስ ያስነሣዋል፣ አድራሻም እንደገና ይጠይቃል።

5. ሪፖርት፦ ጭነቱ አልቆ «ጨርሻለሁ» የሚለው መልእክት ይላካል።

ፕሮግራሙ የሚያየው አምስተኛውን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሰርቨሩን ስክሪን በርቀት መቆጣጠሪያው ከፍቶ ማየት ነው። በቆየው ባዮስ ላይ «ኢ51» ማለት አድራሻ የሰጠ አልተገኘም፣ «ኢ53» ማለት የፋይል ስም አልመጣም፣ «ኢ32» ማለት ቲኤፍቲፒ አልመለሰም ነው። በአዲሱ ዩኢኤፍአይ ላይ አድራሻ ሲጠፋ «ኢ16» ይላል። የእኔዎቹ አራቱ ቀሪዎች ያሳዩት ስህተት የተለያየ ሊሆን ይችል ነበር፤ ሦስቱ ላይ ያየሁት ግን «ኢ16» ነበር። እንግዲህ ችግሩ ከሁለተኛው ደረጃ አላለፈም ማለት ነው። 60 ደቂቃ ቀርቶ 60 ሰዓት ብጠብቅም አይመጣም ነበር።

ሰዓቶቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ

ቀጥሎ በዲኤችሲፒ ማሽኑ ላይ ቲሲፒደምፕ ከፍቼ በፖርት 67 እና 68 የሚያልፈውን አዳመጥኩ። ካልተሳካለት ሰርቨር አንድም ጥሪ አልደረሰም። ከተሳካለት ደግሞ የደረሰው አንድ ጥሪ ብቻ ነው፤ እሱም ስክሪኑ ላይ መጠየቅ ከጀመረ 28 ሰከንድ ያህል ቆይቶ። ገመዱ ቢበላሽ ኖሮ እንዲህ ያለ ሥርዓት አይኖረውም ነበር።

በኔትወርክ የመነሣት ስታንዳርዱ አራት ጥሪ ይፈቅዳል። በጥሪዎቹ መካከል የሚጠበቀው 4፣ 8፣ 16 እና 32 ሰከንድ ነው። ደምሩት፦ ጥሪዎቹ የሚወጡት በ0፣ በ4፣ በ12 እና በ28ኛው ሰከንድ ሲሆን በ60ኛው ተስፋ ይቆረጣል።

አሁን የስዊቹን ሎግ ተመልከቱ። ስዊቾች በክብ እየዞረ ኔትወርኩን የሚያጥለቀልቅ ትራፊክ እንዳይፈጠር ስፓኒንግ ትሪ የሚባል ጥበቃ አላቸው። በቆየው አሠራር አንድ ፖርት ሊንክ ካገኘ በኋላ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል፣ ከዚያ በ30ኛው ሰከንድ ማስተላለፍ ይጀምራል። እስከዚያ ዘበኛው በሩን አይከፍትም።

እንግዳው ለመጨረሻ ጊዜ «ቤቶች!» ያለው በ28ኛው ሰከንድ፣ በሩ የተከፈተው በ30ኛው። ልዩነቱ ሁለት ሰከንድ ነው። ሊንኩ ከመጀመሪያው ጥሪ ከሁለት ሰከንድ በላይ ቀድሞ የበራለት ሰርቨር አራተኛው ጥሪ ያልፍለታል፤ ያልቀደመለት ይወድቃል። አንዴ እሺ አንዴ እምቢ የሚለው ለዚህ ነበር።

መፍትሔው ሰርቨር የተሰካባቸውን ፖርቶች «የጠርዝ ፖርት» አድርጎ ማዋቀር ነው፤ በአንዳንድ ስዊቾች ላይ «ፖርትፋስት» ይባላል። ያኔ በሩ ወዲያው ይከፈታል። ጥንቃቄ፦ ይህ ስዊችና ስዊች በሚገናኙበት ፖርት ላይ ፈጽሞ አይደረግም። በስህተት ስዊች ቢሰካ ፖርቱን የሚዘጋውን ቢፒዲዩ ጋርድንም አብራችሁ አብሩ። ማስተካከያው አራተኛውን ደረጃም ያድናል፤ ከርነሉ ካርዱን ሲያስነሣ ሊንኩ ሊወርድና 30 ሰከንዱ እንደገና ሊቆጠር ይችላልና።

ያው ቃል፣ ሌላ በሽታ

ከአራቱ ሦስቱ በመጀመሪያው ሙከራ ገቡ። አንዱ አሁንም «ታይምአውት» አለ። እንደ ቀድሞው ብሆን «ፖርትፋስቱ አልሠራም» እል ነበር። ስክሪኑን ስከፍት ግን አድራሻ አግኝቷል፣ ፋይልም አውርዷል፣ ፋይሉን ግን ማስነሣት አልቻለም። ሴቲንጉ በቆየው ባዮስ ሁነታ ላይ ነበር፤ የተሰጠው ፋይል የዩኢኤፍአይ ነው። ሴቲንጉን ቀየርኩት፤ ገባ።

ሦስተኛው ደረጃ ላይ የሚያጋጥሙ ሁለት ነገሮችንም ያዙ። አንደኛ፣ ቲኤፍቲፒ ጥያቄውን በ69 ይቀበላል እንጂ የሚመልሰው ከሌላ አዲስ ፖርት ነው። 69ን ብቻ የከፈተ፣ ቲኤፍቲፒን መከታተል የማያውቅ ፋየርዎል መልሱን ይጥለዋል። ሁለተኛ፣ ቲኤፍቲፒ በመሠረታዊ አሠራሩ 512 ባይት ልኮ «ደረሰኝ» እስኪባል ይቆማል። ደርሶ መልስ 50 ሚሊሰከንድ በሚፈጅ መስመር 10 ሜጋባይት ማውረድ 17 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ትልቁን ፋይል በኤችቲቲፒ ማውረድ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ራሳችሁ ሞክሩት

ላፕቶፓችሁ ላይ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ፍጠሩ። የቤታችሁን ራውተር እንዳይረብሹ በተዘጋ የውስጥ ኔትወርክ ብቻ አገናኟቸው። በአንደኛው ላይ ዲኤንኤስማስክን ጫኑ፤ ዲኤችሲፒንም ቲኤፍቲፒንም አንድ ላይ ይሰጣል። ሁለተኛውን በኔትወርክ አስነሡ። ከዚያ ሆን ብላችሁ አበላሹት፦ አንዴ ዲኤችሲፒውን አጥፉ፣ አንዴ የፋይሉን ስም አሳስቱ፣ አንዴ 69ን ዝጉ። እያንዳንዱ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚል በደብተር ጻፉ። የመጠበቂያ ጊዜ ከመጨመራችሁ በፊት ሁልጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ያለቀው የማን ሰዓት ነው? የቱ ደረጃ ድረስ ደረሰ? ጥሪው ከወጣ የት ላይ ጠፋ?

ያ ሌሊት ሲነጋ ለአለቃዬ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ገመዱ ደህና እንደነበረ፣ የገመተውም እኔ እንደሆንኩ። ልጁንም ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኧረ ምንም አይደል ጋሼ» አለና ትንሽ ቆይቶ «ግን ያ ሁለት ሰከንድ እንዴት ነው የሚቆጠረው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከላይ ያለውን ስሌት መጀመሪያ የጻፍኩት ለእሱ ነው፤ በአንድ የገመድ ካርቶን ክዳን ላይ።