ለጊታር አምፕሊፋየር ምትክ ስፒከር ስለ መምረጥ

የኤሌክትሪክ ጊታር ሲመታ ድምፁን ለሰው ጆሮ የሚያደርሱት ሁለት ዕቃዎች ናቸው። አንደኛው አምፕሊፋየር ነው፤ ይኸውም ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ኀይል የሚያበረታ ነው። ሁለተኛው ስፒከር ነው፤ ይኸውም የበረታውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ወደ ድምፅ የሚለውጥ ነው። ስፒከር በሥራ ብዛት ይደክማል፤ ይቀደዳል፤ ይቃጠላልም። በዚያን ጊዜ ዕቃውን የሚጠብቀው ሰው ምትክ ይገዛ ዘንድ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ነጋዴውም መልኩ ያማረውን ወይም ዋጋው የቀለለውን ያሳየዋል። ነገር ግን መልክና ዋጋ ብቻ አይቶ የገዛ ሰው አዲሱን ስፒከር ብቻ ሳይሆን ደኅና የነበረውን አምፕሊፋየር ጭምር ሊያጠፋ ይችላል። ዕቃው የትምህርት ቤት ወይም የማኅበር እንደ ሆነ፥ የሚጠፋው ገንዘብ የብዙ ሰው ገንዘብ ነው። ስለዚህ የመምረጡን ሥርዓት በተራ እንጽፋለን። የትምህርቱም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ አስቀድሞ ኦሙን፥ ቀጥሎ ዋቱን፥ ከዚያም ስፋቱን፥ ከሁሉ በኋላ የድምፁን ጣዕም መመርመር ይገባል።

1ኛ፤ ስፒከር ምን እንደ ሆነ

ለዛሬው ስፒከር መሠረት የሆነውን አሠራር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1925 ዓመት ጽፈው የገለጹት በአሜሪካ አገር በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ ናቸው። አሠራሩም እንዲህ ነው። ከስፒከሩ በስተኋላ ማግኔት አለ። በማግኔቱ ጠባብ ክፍተት ውስጥ የቀጭን ሽቦ ጥቅል ይገባል። ጥቅሉም ከወረቀት በተሠራ ሾጣጣ ላይ ተጣብቋል። ኤሌክትሪክ በጥቅሉ ሲያልፍ ማግኔቱ አንድ ጊዜ ይገፋዋል፥ አንድ ጊዜም ይስበዋል፤ ወረቀቱም አብሮት ይንቀጠቀጣል፤ አየሩንም ያንቀጠቅጣል። የማሲንቆ ቆዳ ከአውታሩ የተቀበለውን መንቀጥቀጥ ለአየር እንደሚሰጥ፥ ወረቀቱም እንዲሁ ያደርጋል።

2ኛ፤ አሮጌው በእውነት እንደ ጠፋ ስለ መመርመር

ድምፅ በጠፋ ጊዜ ሁሉ ስፒከሩ ሞቷል ማለት አይገባም። አስቀድሞ አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ ገመዱን ከግድግዳው ሶኬት መንቀል ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ስፒከሩ የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች መመልከት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሽቦ መላቀቅ ብቻ ነውና። ሽቦዎቹ ደኅና ከሆኑ ከስፒከሩ አላቅቆ በመልቲሜትር መለካት ነው። 8 ኦም የተባለ ስፒከር በመልቲሜትር ሲለካ 6 ወይም 7 ኦም ያህል ያሳያል። ስለ ምን ቢሉ፥ መልቲሜትሩ የሚለካው የሽቦውን ተቃውሞ ብቻ ነው፤ 8 የተባለው ግን ስፒከሩ ድምፅ በሚያሰማበት ጊዜ ያለው ነው። መልቲሜትሩ ምንም መተላለፊያ እንደ ሌለ ካሳየ ጥቅሉ ተበጥሷል። ወረቀቱን በጣቶች ከዙሪያው እኩል አድርጎ በቀስታ ሲገፉት የመፋቅ ድምፅ ቢሰማ፥ ጥቅሉ ከማግኔቱ ጋራ ይተሻሻል ማለት ነው። ወረቀቱ ጥቂት ብቻ ተቀዶ እንደ ሆነ ግን በስስ ወረቀትና በሙጫ ሊጠገን ይችላል።

ደግሞ ይህን ማስተዋል ያስፈልጋል። በትራንዚስተር የሚሠራ አምፕሊፋየር ሲበላሽ ወደ ስፒከሩ የማያቋርጥ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሊለቅ ይችላል። እንዲህ ያለው አምፕሊፋየር አሮጌውን ስፒከር አቃጥሎ እንደ ሆነ፥ አዲሱንም በገባበት ሰዓት ያቃጥለዋል። ስለዚህ ጥቅሉ ተቃጥሎ ከተገኘ አዲስ ከመግዛት በፊት አምፕሊፋየሩን ለባለሙያ ማሳየት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

3ኛ፤ ስለ ኦም

ኦም ማለት ስፒከሩ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚቋቋምበት ኀይል መለኪያ ነው። በጊታር ስፒከሮች ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ 4፥ 8 ወይም 16 ተብሎ ይጻፋል። በአምፕሊፋየሩም ጀርባ እንደዚሁ የሚፈልገው ኦም ይጻፋል። ሁለቱ መስማማት አለባቸው።

ባይስማሙ የሚደርሰው ጥፋት እንደ አምፕሊፋየሩ ዓይነት ይለያያል። አምፕሊፋየሩ የትራንዚስተር እንደ ሆነ፥ ከተጻፈው ያነሰ ኦም ያለው ስፒከር ቢያያዙበት ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ ስለሚጠጣበት ይግላል፤ ይቃጠላልም። ከተጻፈው የበለጠ ኦም ቢያያዙበት ግን ድምፁ ይቀንሳል እንጂ ጉዳት የለበትም። ቫልቭ በሚባሉ የመስታወት አምፖሎች የሚሠራ እንደ ሆነ ግን፥ የተጻፈውን ኦም ትክክል አድርጎ መጠበቅ ይገባል። ይህን ዓይነት አምፕሊፋየር ያለ ስፒከር ማሠራት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ በውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ኀይሉን የሚያወርድበት ሲያጣ ቮልቱ እጅግ ከፍ ብሎ የሽቦውን ሽፋን ይበሳዋልና።

በአንድ ሣጥን ሁለት ስፒከሮች ቢኖሩ ኦማቸው እንደ አያያዛቸው ይለወጣል። ባለሙያዎች ሲሪየስ በሚሉት፥ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ሲያያዝ፥ ኦሙ ይደመራል፤ ሁለት 8 ኦም 16 ይሆናል። ፓራለል በሚሉት፥ ጐን ለጐን ሲያያዙ፥ የሁለት እኩል ስፒከሮች ኦም ይከፈላል፤ ሁለት 8 ኦም 4 ይሆናል።

ምሳሌ፤ አንድ የ30 ዋት የቫልቭ አምፕሊፋየር 8 ኦም ይፈልጋል እንበል። በሣጥኑ ውስጥ ሁለት ባለ 16 ኦም ስፒከሮች ጐን ለጐን ተያይዘው አሉ፤ 8 ኦም ሆነው ይስማሙታል። አንዱ ተቃጠለ። ገዢው የአምፕሊፋየሩን ጽሕፈት ብቻ አይቶ ባለ 8 ኦም ስፒከር ገዝቶ በስፍራው አገባ። እንግዲህ 16ና 8 ጐን ለጐን ሲያያዙ 5 ከሲሶ ኦም ያህል ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩ የፈለገውን አላገኘም። ደግሞም ኀይሉ እኩል አይከፈልም፤ ኦሙ ያነሰው አዲሱ ስፒከር ከሦስቱ እጅ ሁለቱን ይወስዳል፤ ይኸውም ከ30 ዋት 20 ነው። አዲሱ 15 ዋት ብቻ የሚችል ቢሆን ይቃጠላል። ስለዚህ ምትክ ሲገዛ መነበብ ያለበት በአሮጌው ስፒከር ጀርባ የተጻፈው ነው።

4ኛ፤ ስለ ዋት

ዋት በስፒከሩ ላይ ሲጻፍ ሳይቃጠል የሚሸከመውን ኀይል ያመለክታል። ጭነት ከበቅሎዋ ጉልበት መብለጥ እንደማይገባው፥ የአምፕሊፋየሩም ዋት ከስፒከሩ ዋት መብለጥ የለበትም። እንዲያውም አምፕሊፋየሩ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ድምፁ ሲሻክር ከተጻፈለት ዋት በላይ ስለሚያወጣ፥ ስፒከሩ አንድ ብቻ ከሆነ እጥፍ ዋት የሚችለውን መምረጥ መልካም ነው። አንድ ዓይነት ስፒከሮች ብዙ ሲሆኑ ሸክሙን እኩል ይካፈላሉ። በእንግሊዝ አገር በሚታወቀው ቮክስ ኤ ሲ 30 በተባለው አምፕሊፋየር እያንዳንዳቸው 15 ዋት የሚችሉ ሁለት የሴለስትየን ሰማያዊ ስፒከሮች ይገባሉ፤ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ።

በስም መታለልም አይገባም። ሴለስትየን ቪንቴጅ 30 የሚባለው ስፒከር የሚሸከመው 60 ዋት ነው፤ 30 የስሙ ቍጥር ነው እንጂ ዋቱ አይደለም። ደግሞ ብዙ ዋት የሚችል ስፒከር ብዙ ይጮኻል ማለት አይደለም። የጩኸቱን ነገር የሚያመለክት ዴሲቤል የሚባለው ሌላ ቍጥር ነው፤ ይኸውም ለስፒከሩ 1 ዋት ተሰጥቶ በ1 ሜትር ርቀት ላይ የተለካው ነው። 97 ዴሲቤል ያለውን በ100 ዴሲቤል የለወጠ ሰው የአምፕሊፋየሩን ዋት በእጥፍ እንዳሳደገ ያህል ነው።

5ኛ፤ ስለ ስፋትና ስለ ሣጥን

የጊታር ስፒከር ስፋት በኢንች ይለካል፤ የተለመዱት 8፥ 10፥ 12ና 15 ናቸው። ምትኩ የአሮጌው ስፋት ይኑረው፤ የብሎኖቹም ቀዳዳዎች ይግጠሙ። የማግኔቱን ጥልቀትም መለካት ይገባል፤ ትልቅ ማግኔት ከትራንስፎርመሩ ወይም ከቫልቮቹ ጋራ ይጋጫልና።

6ኛ፤ ስለ ድምፅ ጣዕም

የቤት ቴፕ ወይም የመኪና ስፒከር ለጊታር አይሆንም። የጊታር ስፒከር ከ5000 ኸርዝ ያህል በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ይቀንሳል፤ በዚህም የአምፕሊፋየሩን ሻካራነት ያለዝባል። የመኪናው ስፒከር ግን ሻካራውን ሁሉ ያወጣዋል፤ ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነውና አምፕሊፋየሩን ሊጐዳ ይችላል።

ማግኔቱ ከአሉሚንየም፥ ከኒኬልና ከኮባልት ከብረትም ጋራ ሲሠራ አልኒኮ ይባላል፤ ዋጋው ውድ ነው። ሴራሚክ የሚባለው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ይከብዳል። ኒዮዲሚየም የሚባለው ቀላል ነውና ዕቃውን ተሸክሞ ለሚዞር ሰው ይረዳል። ነገር ግን ማግኔቱ ብቻ ድምፁን አይወስንም፤ ወረቀቱና ጥቅሉም ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ኦሙ፥ ዋቱና ስፋቱ ከተስማሙት መካከል በጆሮ ሰምቶ መምረጥ ነው።

7ኛ፤ ስለ መግጠም

የቫልቭ አምፕሊፋየር ከ300 የሚበልጥ ቮልት በውስጡ አለ፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሰውን የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ ቫልቮቹ የተተከሉበትን የብረት ሣጥን ባለሙያ ያልሆነ ሰው አይክፈት።

ስፒከሮቹ ሁለት ከሆኑ አቅጣጫቸው አንድ ይሁን። ሽቦዎቹ ገና ሳይያያዙ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ የመደመር ምልክት ያለበትን ጫፍ ከስፒከሩ የመደመር ምልክት፥ ሌላውንም ከሌላው ለቅጽበት አገናኝቶ ወረቀቱ ወዴት እንደ ተንቀሳቀሰ ማየት ነው። አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ቢሄድ፥ የአንዱ ሽቦዎች ተለዋውጠው ይያያዙ፤ አለዚያ እርስ በርሳቸው ይሻራሉ፤ ወፍራሙም ድምፅ ይጠፋል። ብሎኖቹም እኩል ይጥበቁ፤ አንዱ ወገን ብቻ ሲጠብቅ ክፈፉ ይጣመማልና።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1፤ ሁለት ባለ 16 ኦም ስፒከሮች በሲሪየስ ቢያያዙ ስንት ኦም ይሆናሉ? በፓራለልስ?
2፤ የቫልቭ አምፕሊፋየርን ያለ ስፒከር ማሠራት ስለ ምን ተከለከለ?
3፤ 50 ዋት ለሚያወጣ አምፕሊፋየር እያንዳንዳቸው 20 ዋት የሚችሉ ሁለት ስፒከሮች ይበቃሉን? ምክንያቱ ይነገር።
4፤ ጥቅሉ የተቃጠለ ስፒከር ከተገኘ፥ ምትክ ከመግዛት በፊት ምን ማድረግ ይገባል?