"ባራ!" ትናንት ያስለቀሰን ዛሬ ሲያስቀን

ባለፈው እሁድ አንዲት አዲስ የመጣች እህታችን አረብኛ ተሳስታ ሁላችንም ሳቅንባት። እኔም ስቄአለሁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገችው። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሳቅ ይሁን አልኩ። ከራሴ ልጀምር።

ቤሩት በገባሁ በአራተኛው ቀን ጠዋት ነው። ማዳም የቆሻሻውን ፌስታል እያሳየችኝ "ባራ! ባራ!" ትለኛለች። ባራ ማለት በአረብኛ ውጭ ማለት ነው፤ አውጪው ማለቷ ነበር። እኔ በምን ልወቅ? መብራት አብሪ ያለችኝ መስሎኝ የኩሽናውን አበራሁና "በራ!" አልኳት ደስ ብሎኝ። እሷ ጮኸች፣ እኔ የሳሎኑን አበራሁ። ደግማ ጮኸች፣ የመኝታ ቤቱንና የመታጠቢያ ቤቱን ጨመርኩ። በጠራራ ፀሐይ ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ። የቀለድኩባት መስሏት እጄን ይዛ በረንዳ ላይ አስወጣችኝና በሩን ቆለፈችው። ወሩ ጥር ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። እስኪመሽ እዚያው ቆምኩ። ባራ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ በደንብ ገባኝ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለእማዬ ስደውል "ደህና ነኝ፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው" ነው የምላት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሁለት ዓመት ያዝኩት። አንድ ቀን ግን ስናወራ እነሱ ሰፈር መብራት ጠፋ። እማዬ ከጎረቤት ጋር "በራ?" "ኧረ አልበራም!" ሲባባሉ ስሰማ እንባዬ መጣ። "ምነው ልጄ?" ስትለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

በረንዳው ላይ ስደርስ እሷም አለቀሰች። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "ቆይ እስቲ፣ የመታጠቢያ ቤቱንም አበራሽው?" አለችኝ። "አዎ እማዬ" አልኳት። በሳቅ ፈነዳች! መጀመሪያ ከፋኝ።

"አትቀየሚኝ ልጄ" አለች። "እኔም በልጅነቴ ከገጠር ደሴ መጥቼ ሰው ቤት ገብቼ ነበር። በመጀመሪያው ማታ እትዬ መብራቱን አጥፊ አሉኝ። እኔ የማውቀው ኩራዝ ነው። ወንበር ላይ ወጥቼ አምፑሉን እፍ አልኩት። እፍ ብል፣ እፍ ብል፣ እምቢ አለ! የቤቱ ልጆች እስኪንፈራፈሩ ሳቁብኝ፤ ስሜንም 'እፍ' አሉት። ሌሊት ሌሊት አለቅስ ነበር። ለአባትሽ እንኳ አልነገርኩትም።"

እማዬ ሰው ቤት መሥራቷን ያን ቀን ነው የሰማሁት። "አየሽ፣ እናትሽ ማጥፋት አቃታት፣ አንቺ ደግሞ ማብራት አበዛሽ" ስትል ኔትወርኩ እስኪቆረጥ ሳቅን። አሁን ስደውልላት መጀመሪያ "በራ?" ትለኛለች፤ እኔም "እፍ!" እላታለሁ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

1ኛ፦ ሳቅ ሁሉ አንድ አይደለም። የቤቱ ልጆች በእማዬ ላይ ሳቁ፤ እማዬ ግን ከእኔ ጋር ሳቀች። መጀመሪያ አልቅሳልኛለች፣ ከዚያም የራሷን እፍረት አውጥታ ሰጠችኝ። የራሳችንን ሳንናገር በሌላዋ ላይ ብቻ ከሳቅን የቤቱን ልጆች ሆነናል ማለት ነው።

2ኛ፦ ሁሉ ነገር አይሳቅበትም። መብራቱ ያስቀኛል፤ በረንዳው እስከ ዛሬ አያስቀኝም። ዱላ፣ የደመወዝ መከልከል፣ ተቆልፎ መዋል ቀልድ አይደለም። እየሳቅን ካለፍነው ለምደነው እንቀራለን። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያካትትም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት እህት ሆድ ይፍጀው ሳትል ለምታምናት ትንገር፤ የሰማችውም ብቻዋን አትተዋት።

3ኛ፦ ከእናት ሁሉን መደበቅ አይጠቅምም። ሳንነግራቸው የማያውቁ ይመስለናል እንጂ ከድምፃችን ያውቁታል። እኔ ስነግራት እሷም የስንት ዓመት ሸክሟን አወረደች።

4ኛ፦ አዲሶቹን ቃል እናስተምር። እዚህ "ታፊ" ማለት አጥፊ ነው፤ ከእኛው ቃል ስለሚቀራረብ አይረሳም። "ዳዊ" ግን አብሪ ነው። "ማይ" ውሃ፣ "ሐሊብ" ወተት ነው፤ በግዕዝም እንዲሁ ነው። "ለበን" በሊባኖስ እርጎ ነው፤ ግብፅ የሠራች ግን ወተት ብላ ታመጣለችና አትሳሳት። ባራን ደግሞ ከእንግዲህ የምትረሳ ያለች አይመስለኝም!

የመወያያ ጥያቄዎች
ሀ. ያኔ አስለቅሶሽ ዛሬ የሚያስቅሽ ምንድን ነው? ዛሬም የማያስቅሽስ?
ለ. ለእናትሽ ያልነገርሻት ነገር አለ? ምን ያስፈራሻል?
ሐ. አዲስ ለመጣች እህት በመጀመሪያው ሳምንት የትኞቹን አምስት ቃላት ታስተምሪያታለሽ?

በሚቀጥለው እሁድ ያቺን እህታችንን አጠገቤ አስቀምጬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ስለ መብራቱ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። መሳቅ ከፈለገች በእኔ ትጀምር።