«ፊክስድ» እና «ቱ ቢ ፊክስድ»፦ አንዱ ተቆርጧል፣ አንዱ ገና ነው

ዛሬ የቀኑን ዋጋ ለጊዜው ትተን አንድ የእንግሊዝኛ ግስ እንይ፤ «ፊክስ»። ተራ ቃል ነው፣ የቡና ውል ላይ ሲገባ ግን ዶላር ያስከፍላል።

ሲቀላ ጋራዥ ገብታችሁ መኪናውን «ፊክስ አድርግልኝ» ብትሉ ጠግንልኝ ማለት ነው። ሱቅ ላይ «ፊክስድ ፕራይስ» ተለጥፎ ካያችሁ ክርክር የለም፣ ቁርጥ ዋጋ ነው። ነጋዴዎች ተመካክረው ዋጋ ሲወስኑ ደግሞ «ፕራይስ ፊክሲንግ» ይባላል፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የከለከለው እሱን ነው።

ለእኛ የሚሻለው ትርጉም «ቆረጠ» ነው። የላንቴ ሙዝ አምራች ከአዲስ አበባ ከመጣው ገዢ ጋር መኪናው ሳይጫን ዋጋ ይቆርጣል። አለቀ፣ ፊክስድ ነው።

ቡና ላይስ? ውሉ «ፕራይስ ቱ ቢ ፊክስድ» ካለ ነገሩ ግልብጥ ይላል። «ቱ ቢ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ግሱን ወደፊት ትገፋዋለች፦ ዋጋው ገና ይቆረጣል። «ፊክስድ» የሚለውን ብቻ አይቶ «ዋጋ ተቆርጧል» ብሎ ለአባላት የሚያበስር የማኅበር ሰብሳቢ ጉድ ይሆናል። የተቆረጠው ልዩነቱ ብቻ ነው፣ ማለትም ከኒውዮርክ «ሲ» ገበያ ላይ የሚደመረው ወይም የሚቀነሰው።

በምሳሌ እንየው። ውሉ «ጁላይ ሲደመር 20 ሳንቲም» ይላል እንበል። ዋጋ በሚቆረጥበት ቀን ኒውዮርክ 300 ሳንቲም ከሆነ ፓውንዱ 320 ነው፤ በኪሎ 7.05 ዶላር ገደማ። ገበያው 260 ላይ ከወረደ 280 ይሆናል፤ በኪሎ 6.17። በ320 ጆንያ (19,200 ኪሎ) አንድ ኮንቴነር ላይ ልዩነቱ ወደ 16,900 ዶላር ይጠጋል። እሸት ቡናው ደግሞ በብር ተከፍሎበት አልቋል!

ኒውዮርክ በፌብሩዋሪ 2025 ከ400 ሳንቲም በላይ መውጣቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ሲወጣ ያልቆረጠ ሻጭ ደስ ይለዋል፤ ሲወርድ ግን ያው ውል ያንገበግባል።

ስለዚህ ግሱን አይታችሁ ባለቤቱን ፈልጉ፦ የሚቆርጠው ማነው? «ሴለርስ ኮል» ካለ ቀኑን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። «ባየርስ ኮል» ከሆነ ገዢው ነው፣ እናንተ ጠባቂ ናችሁ። በሻጭ ምርጫ ቢሆንም ጊዜው ክፍት አይደለም፤ ለጁላይ ውል የመጨረሻው ቀን አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ሰኔ አጋማሽ አካባቢ ይውላል። ያ ቀን ካለፈ ምን እንደሚሆን፣ ወደ ሴፕቴምበር ይዞር ወይስ ገዢው በራሱ ይቁረጥ፣ የሚወስነው ውሉ ነው። ያንን አንቀጽ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ «ፊክስ አድርጉልን» የሚለውንም በስልክ ብቻ አትተዉት። ቀኑን፣ የገበያውን ወርና የጆንያ ብዛቱን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ላኩ፣ ገዢውም «ፊክስድ» ብሎ ከነዋጋው በጽሑፍ ይመልስላችሁ።