ፊደል ማዛወርና መፈተን

ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ በር ላይ የገዛነው ገበታ ሁለት ተራ አለው፤ ሀለሐመ እና አበገደ። የግእዙ 26 ፊደላት እነዚያው ናቸው፣ የተዛወረው ቦታቸው ነው። በሃስክል የኮምፒዩተር ቋንቋ ይህን ስንሠራ እያንዳንዱን ፊደል ከመጀመሪያው እየፈለግን አንደክምም፤ በቦታ ቁጥር በቀጥታ እናነሣዋለን። ከሀለሐመ ተራ 13፣ 9፣ 20፣ 19 ስንል አ፣ በ፣ ገ፣ ደ ይወጣል።

ጣጣው ፈተናው ላይ ነው። ቁጥሩ «ከየት ይነሣ» ነው ወይስ «ወዴት ይሂድ»? ሀለሐን በ3፣ 2፣ 1 ብንፈትን ሁለቱም ሐለሀ ይሰጣሉ፤ ስሕተት ቢኖርም ተደብቆ ያልፋል! በ2፣ 3፣ 1 ግን አንዱ ለሐሀ፣ ሌላው ሐሀለ ይላል። መቁጠርም አይበቃም፤ አንዱ ተደግሞ ሌላው ቢጠፋ ድምሩ ያው ነውና። የተማሪ ውጤት እንዲህ ቢዛወር የአንዱ ማርክ ለሌላው ሄደ ማለት ነው።

እስቲ ሠልጣኝ ጓደኞቻችን፣ ሀለሐመን በ2፣ 1፣ 4፣ 3 ብንፈትን ስሕተቱ ይያዛል?